ለፊልም የተቀመጥነው ለቅሶ

ከእድሩ አራት አግዳሚ ወንበር ስወስድ ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥፋት የለብኝም። አንዳንዱ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ "ወርቅአገኘሁ ለቅሶ አለብኝ ብላ ዋሸች" ይላል። አልዋሸሁም። መዋሸት ስላልፈለግሁ ነው ዝም ያልኩት።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባና እሸጣለሁ። ከመንዝ የሚመጣ ባና፣ በርኖስ፣ የበግ ሱፍ። ከቤቴ ጋር የተያያዘ ረጅም መጋዘን አለኝ፤ አንዲት መስኮት ብቻ ናት ያለችው። መስኮቷ ላይ ባና ከሰቀልሽባት በጠራራ ፀሐይ ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። ድምፅም አያስወጣም፤ ሱፉ ይውጠዋል። ልጄ ማርያማዊት ይህን መጋዘን ዓይን ዓይኑን ስታየው ነው ነገሩ የተጀመረው።

ማርያማዊት ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ዩምና ከምትባል የአልዩ አምባ ልጅ ጋር ከእኔ ቤት ሦስት በር አልፎ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ዩምና ፎቶ ቤት ነው ሥራዋ፤ ሰርግ ትቀርፃለች። ሰው "ጓደኛሞች" ይላቸዋል። እኔ ግን አውቃለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ማርያማዊት ራሷ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፣ ሁለት ወር አኮረፍኩ። እልኸኛ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካ ልጄ ከእኔ ትብሳለች። በሦስተኛው ወር እኔው ተሸንፌ ሁለቱንም ምሳ ጠራኋቸው። ዩምና ስትበላ ቁጭ ብዬ አየኋት። ልጅ ናት፣ እንደማንም ልጅ። ከዚያ ወዲህ የተጣላነው በበርበሬ ብቻ ነው። የእኔን ወጥ ያቃጥላል ትላለች።

እርስ በርሳቸው "ዜጋ" ነው የሚባባሉት፤ እንደነሱ ያለውን ሁሉ። መጀመሪያ ስሰማ "እኔስ ምንድነኝ ታዲያ፣ ፓስፖርት የሌለኝ?" ብያቸው በሳቅ ሞተዋል።

እና አንድ ቀን ማርያማዊት እንዲህ አለችኝ፦ "እማዬ፣ በሌላው አገር እኮ ስለ እኛ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ፊልም ተሰብስበው የሚያዩበት ቀን አለ። አዳራሽ ሞልተው። እኛ ስልክ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ ድምፁን ዘግተን ነው የምናየው። አንድ ቀን እንኳ ድምፁን ለቀን፣ ከሰው ጋር ስቀን ብናይ ምን አለበት?" ቀጥላም፣ "አዲስ አበባ ብንገባ ይሻለናል" አለች።

ይቺን አዲስ አበባ የምትላትን ነገር በየወሩ ታነሳታለች። ባነሳች ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ።

"እዚሁ ታያላችሁ" አልኩ። "መጋዘኑ ውስጥ።"

"አብደሻል እንዴ? ቢታወቅስ?"

ቢታወቅ ምን እንደሚሆን እኔም እሷም እናውቃለን። ሕጉ አይወድላቸውም፤ ሰፈሩም አይወድላቸውም። ቢታወቅ ልጄ በነጋታው ዕቃዋን ጠቅልላ ከዚህ ከተማ ትወጣለች፤ ያውም ለመጠቅለል ጊዜ ከሰጧት። ይህን እያወቅሁ ነው "እዚሁ" ያልኩት። እኔ ደግሞ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

አምስት እንግዳ ጠሩ። መቀመጫ የለም። ዩምና "እማማ፣ ሱፍ ጆንያው ላይ እንቀመጣለን፣ ወላሂ ይመቻል" አለች። እንግዳዬን ጆንያ ላይ? በሕይወቴ አላደርገውም። ማንንም ሳልጠይቅ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄድኩ።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ኃይለኢየሱስ ናቸው። መዝገቡንም የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። የእድሩ ወንበር ለለቅሶና ለተዝካር እንጂ ለሌላ ነገር አይወጣም፤ ይህን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ጠዋት ሙሉ ሱፍ ሳራግፍ ውዬ ዓይኔ በርበሬ መስሏል፤ አፍንጫዬ ይፈሳል።

"አራት አግዳሚ ፈልጌ ነበር፤ ለእሑድ ከሰዓት" አልኳቸው።

"ለምን ጉዳይ?"

"አይጠይቁኝ ጋሼ።"

ዓይኔን አዩት። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ። ለምን እንዳወለቁ ያን ጊዜ ቢገባኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እግዚአብሔር ያጽናሽ ወርቄ" አሉኝ።

"አሜን" አልኩ። መጽናት የማይፈልግ ማን አለ?

እሑድ ከምሳ በኋላ እንግዶቹ አንድ በአንድ መጡ። ቴዎፍሎስ ከጫጫ በሚኒባስ መጣ፤ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ወሬኛ። ገና ከበሩ "ማዘር፣ ይሄን ፀጉርሽን ማን ነው የጨፈጨፈው?" ብሎ ጀመረኝ። ሠረቀብርሃን የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ከደብረ ሲና መጣ፤ ትከሻው በሩን ይሞላል፣ ድምፁ ግን ቀጭን ናት። ከዩኒቨርሲቲው ሁለት ልጃገረዶች መጡ፤ እየተሳሳቁ፣ እየፈሩ። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ከጎረቤላ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ወልደኪዳን ይባላሉ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አሥረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው። ሰርግ የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ዙሪያቸውን አዩ። ሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አዩ።

"ምነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"ምንም። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሁለት ሆኜ እንኳ ተቀምጬ አላውቅም፤ ዛሬ ሰባት ሆንን" አሉኝ።

ባና አመጣሁና ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረግሁላቸው።

ዩምና ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጠረች፤ የሰርግ ምስል የምታሳይበትን ማሽን አቆመች። ማርያማዊት መሐል ላይ ቆማ አስጠነቀቀችን። "ሰው ድንገት ቢመጣ፣ ፊልሙ ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች እህትማማቾች ናቸው። እንዲህ ነው የምንለው። እማዬ፣ እሺ በይ።"

"እሺ።"

"እንደሱ አይደለም፣ ከልብሽ።"

"እሺ አልኩ እኮ!"

ፊልሙ የሩቅ አገር ነው፤ አገሩን ዩምና ነግራኝ ነበር፣ ጠፋኝ። ብርዱ ግን የእኛኑ ይመስላል። ጭጋግ፣ ድንጋይ፣ በግ። ዩምና ከአቡጀዲው ጎን ቆማ ከሥር የሚመጣውን ጽሑፍ እያነበበች በአማርኛ ታወራልን ነበር፤ ለእያንዳንዷ ድምፅ እየቀየረች። አንዲት ረጅም ሴት በግ ታረባለች። አንዲት አጭር ደግሞ ሱፍ ልትሸልት ለአንድ ሳምንት ትቀጠራለች። ሳምንቱ ያልቃል፣ አጭሯ አትሄድም። "አንድ በግ ቀርቷል" ትላለች። በነጋታውም "አንድ በግ ቀርቷል"። ረጅሟ ደግሞ ሌሊት ተነሥታ በግ ከጎረቤት ትበደራለች፣ እንዳያልቅባት። ሠረቀብርሃን በዚያች ቀጭን ድምፁ ሲስቅ አግዳሚው ተንቀጠቀጠ። ቴዎፍሎስ "አንቺ! በጉ ቢያልቅ ፍየል አምጪ!" እያለ ይጮሃል። ሲሳሳሙ እኔ ጣራውን አየሁ። የባልና ሚስት ፊልም ላይም ቢሆን ጣራውን ነው የማየው፤ ልማዴ ነው።

ማርያማዊትን ሰርቄ አየኋት። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ ያየኋት በልጅነቷ ነው።

ሠላሳ ዓመት አብረው ይኖራሉ። ከዚያ ረጅሟ ትታመማለች። ትሞታለች። ሬሳ ሣጥኑን ከቤት ሊያወጡ ሲሉ፣ ልክ በዚያች ሰዓት፣ ከውጭ ጩኸት መጣ።

"ወይኔ ወርቄን! ወይኔ እህቴን! ምን አገኛት!"

የእድሩ ሴቶች ናቸው። አሥራ አምስት ቢሆኑ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ሁለቱ ንፍሮ በሳፋ ተሸክመው። ከፊት እትዬ ማኅደረማርያም አሉ፤ የቄስ ሚስት የነበሩ፣ አሁን ባላቸው የሞቱባቸው፣ የሴቶቹ ሰብሳቢ። በዚህ ሰፈር ለቅሶ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ከኋላ ጋሽ ኃይለኢየሱስ የድንኳን እንጨት ተሸክመው ይታዩኛል።

በሩን ይዤ ቆምኩ። ለቀስተኛን ግን በር ላይ ማስቆም አይቻልም። አቅፈውኝ፣ አልቅሰውብኝ፣ እንደ ጎርፍ አልፈውኝ ገቡ።

ዩምና ደነገጠች። ማሽኑን አላጠፋችውም። ሴቶቹ ገብተው መጀመሪያ ያዩት አቡጀዲው ላይ ያለውን ሬሳ ሣጥን ነው።

"ውይ! ቪዲዮውን ልከውላት!" አለች አንዷ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚህ ሰፈር ሰው ቤይሩትም ዱባይም ይሞታል፤ ቀብሩን ቀርፀው ይልካሉ፣ እኛም ተሰብስበን እያየን እናለቅሳለን። ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። አግዳሚው ላይ ተጨናንቀው ተቀመጡና ያቺን የማያውቋትን ረጅም ሴት ማልቀስ ጀመሩ። አለቃቀሳቸውም እውነተኛ ነበር። ፍቅረ ማርያም የምትባለው ጎረቤቴ፣ ድምፀ መረዋዋ፣ ሙሾ ሁሉ አወጣች።

ቴዎፍሎስ በፍርሃት እንባው መጣ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ጀርባውን እየደባበሰች "አይዞህ ልጄ፣ ምንህ ናት?" አለችው።

"አክስቴ" አለ።

"አንተስ?" አለችው ሠረቀብርሃንን።

"እኔ... እኔ ሾፌራቸው ነበርኩ።"

ሁለቱ ልጃገረዶች ነጠላቸው ውስጥ ገብተው ይንቀጠቀጣሉ። ሴቶቹ ለቅሶ መስሏቸው ይበልጥ አዘኑ። እኔ ሳቅ መሆኑን አውቃለሁ።

በዚያው ዝም ብል ያልፍ ነበር። ግን ሰውን በከንቱ ማስለቀስ ሆዴ እንቢ አለኝ።

"እትዬ ማኅደረማርያም" አልኩ። "ማንም አልሞተብኝም። ፊልም ነው።"

"ምንድነው?"

"ፊልም። የምናየው ፊልም ነው።"

ለቅሶው ቀጥ አለ። ፍቅረ ማርያም ሙሾዋን ከመሐሉ ቆርጣ ነጠላዋን አወረደች። "እና ያን ሁሉ ያለቀስኩት ለማን ነው?"

"ለረጅሟ" አልኩ።

"አታሳፍሪም? ሳፋ ሙሉ ንፍሮ አስቀቅለሽ!"

"ማን ቀቅሉ አላችሁ? ወንበር እንጂ ንፍሮ አልጠየቅሁ!"

"ዝም በሉ" አሉ እትዬ ማኅደረማርያም። ዓይናቸው ከአቡጀዲው አልተነቀለም። "ካለቀስን አለቀስን። ወደ ሰማይ የወጣ እንባ አይመለስም። ይልቅ ያቺ አጭሯ ማን ናት? ለምንድነው እየጎተቱ ወደ ኋላ የሚወስዷት?"

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናቸው። የሟቿ ወንድም ከነሚስቱ ከሩቅ ከተማ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። አጭሯን ክንዷን ይዘው ከመጨረሻው ወንበር አስቀመጧት።

ማርያማዊት እጄን ጨመቀችው። ጥፍሯ ገባ።

"እህቷ ናት" አልኩ። እሺ ብዬ የለ።

"የማን እህት?"

"የሟቿ።"

"እህቷን ወደ ኋላ?" ሴቶቹ ሁሉ አጉረመረሙ። "ኧረ በሕግ! እህትን!"

እትዬ ማኅደረማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። "ውሸት ነው። ያ የፊተኛው ሰውዬ ማን ነው?"

"ወንድሟ" አለች ዩምና።

"እንግዲያው አጭሯም እህቱ ናታ! ሰው የገዛ እህቱን በእህቱ ቀብር ላይ እንደ እንግዳ ከኋላ ያስቀምጣል? ሃያ ዓመት ለቅሶ ሳስተናግድ እንዲህ ያለ አላየሁም። ወይ ፊልሙን የሠራው ሰው ለቅሶ አያውቅም፣ ወይ አንቺ አልተረጎምሽም። በትክክል ተርጉሚ ልጄ።"

ዩምና ማርያማዊትን አየች። ማርያማዊት እኔን አየች። አስተማሪው፣ ጋሽ ወልደኪዳን፣ አንገታቸውን ደፍተው ክራቫታቸውን ይፈቱ ነበር። ቀስ ብለው፣ ማንም እንዳያያቸው፣ እንደሚወጣ ሰው። ስልሳ ሦስት ዓመት ጠብቀው የመጡበት ነገር በእኔ ውሸት እህትማማቾች ሆኖ ሊያልቅ ነው። ንዴት ከእግሬ ተነሥቶ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ።

"እህቷ አይደለችም" አልኩ።

"እማዬ!"

"አይደለችም አልኩ! ሠላሳ ዓመት በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ የኖሩ ናቸው። እንደ ባልና ሚስት። እንግዲህ ገባችሁ? ለዚህ ነው ወደ ኋላ የጣሏት።"

የሚሰማው ፊልሙ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ያለ በግ ብቻ ነው፤ ያ በግ ደግሞ እንደ ልቡ ይጮሃል። ማርያማዊት እጄን ለቀቀችው። ምን አደረግሁ? አልኩ በልቤ። በአንዲት ቃል ልጄን ከከተማ አስወጣኋት።

ፍቅረ ማርያም ተነሣች። "በስመ አብ! በእሑድ ቀን ይህን ልታሳዪን ነው?"

"አልጠራሁሽም" አልኩ። "ራስሽ እያለቀስሽ ነው የመጣሽው።"

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ ሄደች። ሁለት ሴቶች ተከተሏት። የቀሩት ወደ እትዬ ማኅደረማርያም ዞረው ይጠብቃሉ። እሳቸው እንደተቀመጡ ናቸው።

"ዩምና" አሉ። "ስትታመም ማን ነው ያስታመማት?"

"አጭሯ።"

"ወንድምዬው አልመጣም?"

"ሠላሳ ዓመት አልመጣም።"

"ስትሞት ዓይኗን ማን ከደነላት?"

"አጭሯ።"

"ማን ነው ያጠባት?"

"አጭሯ ናት፣ እማማ። ብቻዋን።"

እትዬ ማኅደረማርያም ረጅም ትንፋሽ አወጡ። "ኃጢአቱን የሚፈርድ አለ፤ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም። ለቅሶ ላይ ማን የት ይቀመጣል የሚለው ግን የእኔ ሥራ ነው። ዓይኗን የከደነችው፣ ያጠበቻት እሷ ከሆነች ዋናዋ ሐዘንተኛ እሷ ናት።" ከዚያ እጃቸውን ወደ አቡጀዲው ዘርግተው ጮኹ። "አንተ ሰውዬ! ያቺን ሴት ከፊት አምጣት!"

"ከፊት ያምጧት!" አለች ንፍሮ የያዘችው።

"ሚስትየዋስ? ያቺ ባለ ባርኔጣዋ፣ ስትታመም የት ነበረች? ትነሣ ከዚያ!"

"እንባ እንኳ የላት! እዩአት፣ ሰዓት ታያለች!"

ፈነዱ። አሥራ ሁለት ሴት ከአቡጀዲ ጋር ተጣላ። ዩምና ከፍርሃቷ ተላቃ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ መልሳ ጮክ ብላ መተርጎም ጀመረች። አጭሯ ከኋላ ተነሥታ፣ በመሐል ሄዳ፣ ሣጥኑን በእጇ ስትነካው መጋዘኑ በእልልታ ተናወጠ። በቀብር ላይ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ወልደኪዳን ክራቫታቸውን መልሰው አሠሩት።

የሄደች የመሰለችኝ ፍቅረ ማርያም ከሁለቱ ሴቶች ጋር በሩ ላይ ቆማለች። "ገብተሽ ተቀመጪ እንጂ፣ ብርድ ታስገቢያለሽ" አልኳት።

"አላይም" አለች። "እስቲ ግን ያ ወንድም ተብዬው ቤቱን ይወስድባታል?"

ወሰደባት። ቤቱንም በጉንም። አጭሯ አንድ ሻንጣና አንድ ውሻ ይዛ በጭጋጉ ውስጥ ሄደች።

"ጎረቤቱ ሁሉ የት ነው?" አለች ንፍሮ የያዘችው። "እዚያ አገር እድር የላቸውም እንዴ?"

"የላቸውም" አለች ዩምና።

"ውይ!" አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። ከሞቱ ይልቅ ይህ ነው ያስደነገጣቸው።

ፊልሙ ሲያልቅ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሴቶቹ ደግሞ "ነፍስ ይማር" አሉ። ቴዎፍሎስ ንፍሮውን በእፍኙ እየቃመ "ማዘር፣ ከፈንዲሻ ይበልጣል እኮ!" ይላል። አጠገቡ ያለችው ሴት ፀጉሯን በስንት ቀን አንዴ ብትታጠበው ጥሩ እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ አክስቴ ብሎ መዋሸቱን ረስታለታለች።

ያን ጊዜ እትዬ ማኅደረማርያም ተነሡና ልጆቹ ፊት ቆሙ።

"ማርያማዊት፣ አንቺና ዩምና አብራችሁ መኖር ከጀመራችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?"

ማርያማዊት አንገቷን ቀና አደረገች። "አምስት ዓመት።"

"ስትታመሚ ማን ነው የሚያስታምምሽ?"

"ዩምና።"

"እሷስ?"

"እኔ።"

ከዚህ በላይ አልጠየቁም። እንደገባቸው ያወቅሁት ባለመጠየቃቸው ነው። ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "ለቅሶ ቤት የሰማነውን መንገድ ላይ አናወራም። ከዚህ አንዲት ወሬ ብትወጣ፣ ያወራችው ሰው ሐዘን ሲደርስባት ድንኳኗን ራሷ ትተክላለች።" በሩ ላይ ያሉትንም አዩ። "ፍቅረ ማርያም፣ ሰምተሻል?"

"ምን አየሁና አወራለሁ? አላይም ብዬ በር ላይ አይደል የቆምኩት?" አለች።

"ጋሽ ኃይለኢየሱስ! መዝገቡን ይዘው ይግቡ!" አሉ እትዬ ማኅደረማርያም ወደ ውጭ።

ጋሽ ኃይለኢየሱስ አቧራ በአቧራ ሆነው ገቡ። ድንኳኑን ብቻቸውን ተክለው ጨርሰዋል። "ሬሳው መቼ ነው የሚደርሰው?" አሉ።

"ሟቿ እዚያው ተቀብራለች። ይልቅ ሁለት አዲስ አባል አሉ፤ ይጻፉ።"

ጋሽ ኃይለኢየሱስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ። "ሁለት ከሆኑ ሁለት ቦታ እጽፋለሁ።"

"አይ። አንድ ቤት ነው፤ አንድ ቦታ ይጻፉ።"

"እንዴ፣ እኔ እኮ አንድ ቦታ የምጽፈው ባልና ሚስትን..." ማርያማዊትን አዩ፣ ዩምናን አዩ፣ እኔን አዩ። እትዬ ማኅደረማርያምን ደግሞ ቀና ብለው ሲያዩ ሐሳባቸውን ለወጡ። "እሺ። ግን ይስሙኝ ልጆች፤ እኔ ሰርዞ መጻፍ አልወድም፣ መዝገቡ ይቆሽሻል። ከርሞ አዲስ አበባ ምናምን ልትሉኝ ከሆነ አሁኑኑ ንገሩኝ።"

እኔ ብዕሩን ብቻ አየሁ።

ማርያማዊት ዩምናን አየቻት። ዩምና ትከሻዋን ነቀነቀችና ፈገግ አለች፤ ፊቷ ገና በእንባ ርሷል።

"ይጻፉ ጋሼ" አለች ልጄ። "የትም አንሄድም።"

ጋሽ ኃይለኢየሱስ ብዕራቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ አድርገው ጎንበስ አሉ። ስማቸውን ጻፉ፤ ቀጥሎ ያለው ሳጥን ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"የቤቱ አባወራ ማን ይባል?"

"እሷ!" አለች ማርያማዊት፣ ዩምናን እየጠቆመች።

"ኧረ ወላሂ እሷ ናት!" አለች ዩምና፣ በሁለት እጇ እየጠቆመች። "ከእንቅልፏ ስትነሣ ቢያዩዋት አይጠራጠሩም!"

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ሠረቀብርሃን ቀጭኗን ሳቁን ለቀቃት፤ ጋሽ ወልደኪዳን ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቃሉ። ጋሽ ኃይለኢየሱስ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለቱንም በየተራ ገላመጧቸው።

"ኧረ አንዱን ቁረጡልኝ እናንተ ልጆች፣ ሊመሽ ነው!"